ከአንድ እስከ አምስት ምን ያህል ያምኑታል?

ሰው የሚያምነውን ነገር «ታምነዋለህ ወይ?» ብሎ እንደ መጠየቅ ያለ አደገኛ ሥራ የለም። እስኪጠየቅ ድረስ እኮ ሰላም ነው። ወንበሩን አምኖ ይቀመጣል፣ ውሃውን አምኖ ይጠጣል፣ ሚስቱን አምኖ ይተኛል። አንድ ቀን አንድ ሥራ ፈት ይመጣና «ለመሆኑ ሚስትህን ምን ያህል ታምናታለህ?» ይለዋል። በቃ! ያ ምስኪን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ማሰብ ይጀምራል፤ ማሰብ ደግሞ የመጠራጠር ታላቅ ወንድም ነው። ቤቱ ገብቶ ሚስቱን ትኩር ብሎ ያያታል። እሷም «ዛሬ ምነው እንዲህ አየኸኝ?» ትላለች። ከዚያ ወዲያ ነገሩ የሽማግሌ ጉዳይ ነው።

ያ ሥራ ፈት እኔ ነኝ። ደግነቱ የጠየቅሁት ስለ ሚስት ሳይሆን ስለ ቴክኖሎጂ ነው።

አሶሳ ውስጥ የሒሳብ መምህር ነኝ። ክረምት ሲገባ መምህር ምን እንደሚሆን የምታውቁት ነው፤ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ዝናብ እያየ ጥርሱን የሚፍቅ ፍጡር ይሆናል። በዚህ ማዕረግ ላይ ሳለሁ ከአዲስ አበባ አንድ የጥናት ቡድን መጣና መረጃ ሰብሳቢ ይፈልጋል ተባለ። ጥናቱ ሰው በቴክኖሎጂ ላይ ያለውን እምነት የሚለካ ነው። «የሚለካ» የምትለዋ ቃል ያዘችኝ። ወርቅ በሚዛን ሲለካ አይቻለሁ፤ አሶሳ ኖሮ ይህን ያላየ የለም። ቀርከሃ በክንድ ይለካል፣ ማሽላ በጣሳ ይሰፈራል፣ ማንጎ በዓይን ይመረጣል። እምነትስ? በኪሎ ነው በሊትር? ሙያዬ ቁጥር ነውና ይህን ሳላውቅ ብሞት ይቆጨኛል ብዬ ተመዘገብሁ።

የሥልጠናው ቀን አስተባባሪያችን ጉዳዩን ግልጽ አደረገችልን። ረጋ ያለች፣ ቃል የማታባክን ወጣት ናት። ለእያንዳንዱ ሰው ስለ ስልክ፣ ስለ ሬዲዮ፣ ስለ ሐኪም ቤት መሣሪያ፣ ስለ መሳሰለው ሁሉ «ከአንድ እስከ አምስት ምን ያህል ያምኑታል?» ብለን እንጠይቃለን። አንድ ማለት «ጨርሶ አላምነውም»፣ አምስት ማለት «ሙሉ በሙሉ አምነዋለሁ» ነው። መልሱን ታብሌት ላይ እንነካለን። ታብሌቱ ደግሞ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ወደሚቀጥለው አያሳልፍም፤ እንደ ድሮ ዘበኛ ነው። «ዋናው ነገር» አለች አስተባባሪዋ፣ «አታስረዱ፣ አትገፋፉ፣ መልስ ሲሰጧችሁ ፈገግ አትበሉ፣ አትኮሳተሩ። ፊታችሁ ግድግዳ ይሁን።»

ፊቴን ግድግዳ አድርጌ ወጣሁ።

ጓደኛዬ ሆኖ የተመደበልኝ ሀሚድ ነው። ሀሚድ የበርታ ልጅ ነው፤ የፕሮጀክቱ ሾፌርም አስተርጓሚም እሱ ነው። ሁለቱንም ሥራ የሚሠራው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፤ ጉድጓድ ሲያይ ይዞራል። የመጀመሪያውን ቀን ከከተማው ዳር ወደሚኖሩ አንድ የተከበሩ ሼክ ዘንድ ወሰደኝ። ጥያቄዬን በአማርኛ አቀረብሁ፦ «በሞባይል ስልክ ላይ ምን ያህል እምነት አለዎት?» ሀሚድ ወደ በርታኛ ሲመልሰው «እምነት» የምትለዋን ቃል «ኢማን» አላት። ሼኩ የሙስበሃቸውን ዶቃ መቁጠር አቆሙ።

«በስልክ ኢማን? አስተግፊሩላህ!» አሉ። ቀጥለውም በርታኛ ተናገሩ። ሀሚድ አልተረጎመልኝም፤ ግን ወደ እኔ እያዩ ስለነበር የማን ልጅ እንደሆንሁ እየጠየቁ መሆናቸውን አላጣሁትም።

ስህተቱ የሀሚድ አልነበረም። የአማርኛችን ነው። ሃይማኖትንም እምነት እንላለን፣ ጎረቤት ላይ የምንጥለውንም እምነት እንላለን፣ ቁልፍ ሰጥተን ስንሄድም እምነት ነው። አንድ ቃል ይህን ሁሉ ተሸክሞ ሲሄድ እንዴት አይሰናከል? ሀሚድ ላቡን ጠርጎ በሌላ ቃል ሞከረ፤ «አማና» አለ፤ አደራ እንደ ማለት ነው። ሼኩ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተፈታ። ጥቂት አሰቡና፣ ለእኔ ብለው በአማርኛ መለሱልኝ፦

«አማና ለሰው ይሰጣል። ሰው ያስቀምጣል፣ ይመልሳል። ስልክ ግን አማና ብሰጠው፣ እሱ ለማን እንደሚሰጥ እኔ አላውቅም።»

«ታዲያ ከአንድ እስከ አምስት ስንት እንበል?» አልሁ፣ ግድግዳዬን እንደምንም ይዤ።

«አምስት ሶላት ነው» አሉና ተነሡ።

ስንመለስ የያዝነውን ባጃጅ ሾፌር ደግሞ ጠየቅሁት። (መኪናችንን ሀሚድ ጋራዥ ትቷት ነበር።) ሾፌሩ ጥያቄዬን እንኳ አላስጨረሰኝም። «አምስት! ቴክኖሎጂማ ነፍሴ ነው!» አለ። ትንሽ እንደሄድን ባጃጇን አቆመ፣ ወረደ፣ ጆሮውን ወደ ታንከሯ አስጠግቶ በሁለት እጁ ነቀነቃት። ምን እያደረግህ ነው ስለው ነዳጅ እየለካሁ ነው አለኝ። መለኪያ የላትም እንዴ ስለው «አላት፤ ግን እሱ ይዋሻል» አለና መንገዱን ቀጠለ። እንግዲህ ይህ ሰው ታብሌቴ ላይ አምስት ነው። ሼኩ ደግሞ መልስ እንዳልሰጡ ተቆጠረ። እኔ ግን ቤቴ ስገባ አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ሰው ስለ እምነቱ አፉ የሚናገረውና እጁ የሚሠራው ለየቅል ከሆነ እኔ የምለካው የትኛውን ነው?

ይህን ጥያቄ ይዤ ነው በማግሥቱ እማማ ዘይነባ ቤት የደረስሁት።

ከአሶሳ ወደ ባምባሲ ሲኬድ ግራና ቀኙ የሰፋሪ መንደር ነው። መንደሮቹ ስም ሳይወጣላቸው በቁጥር የቀሩ ናቸው፤ አምባ ይባሉና ቁጥር ይከተላቸዋል። እማማ ዘይነባ በድርቁ ዘመን ገና ልጃገረድ ሳሉ ከወሎ መጥተው ሰፈሩ፤ እዚሁ አግብተው፣ ወልደው፣ ባላቸውንም እዚሁ ቀበሩ። ይህን ሁሉ ዘመን የበርሃ ፀሐይ ቢመታቸውም ወሎኛቸው ጠብ አላለም። ስንደርስ ማንጎው ሥር ቁጭ ብለው ለውዝ ይፈለፍላሉ። ልጃቸው ፋጡማ አጠገባቸው ናት፤ ስልኳን በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ወገቧ ላይ አስራዋለች። ለውዝ ዘገኑልንና «በሉ ጠይቁ፤ መቼም ጥያቄ አይገድልም» አሉ።

ስልክን ከአንድ እስከ አምስት ምን ያህል ያምኑታል?

«አላምነውም። አንድ በል።»

ሬዲዮን?

«አላምነውም። እሱንም አንድ በል።»

ቴሌቪዥንን?

«ልጄ፣ ለምን ትደክማለህ? ሁሉንም አንድ በለውና ለውዝህን ብላ።»

ፊቴ ግድግዳ መሆኑ ቀረ። ለምን እንደማያምኑ መጠየቅ የተከለከለ ነው፤ ጠየቅሁ። እማማ ዘይነባም ነገሩን አስረዱኝ። ባለፈው ሰሞን የጎረቤት ልጅ ስልኩን ይዞ መጣና አንድ ነገር አሳያቸው። ፍየል ነው። ከረባት አስሯል። ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ ዜና ያነባል።

«ወላሂ፣ ከንፈሩ ከቃሉ ጋር ይሄዳል» አሉ። «በአማርኛ! ያውም የአዲስ አበባ አማርኛ! 'ይሄ ምንድን ነው?' ብለው፣ 'እማማ፣ እውነት አይደለም፣ ማሽን ነው የሠራው' አለኝ። ታዲያ ፍየልን ዜና ካስነበቡ፣ ሰውን ማስመሰልማ ምን ያቅታቸዋል? 'ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር' አይደል የሚባለው?»

ሀሚድ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ፋጡማ ግን አልሳቀችም። እናቷን ቀና ብላ አየቻቸውና «እማ፣ የፍየሉ ነገር እኮ አይደለም። ለምን እውነቱን አትነግሪያቸውም?» አለች።

እማማ ዘይነባ ለውዙን ከጭናቸው አራገፉ። ከዚያ ነገሩኝ።

አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፤ ሰይድ ይባላል። ሥራ ፍለጋ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ገባ፤ ካርቱም ዳቦ ቤት ተቀጠረ። በየጊዜው ይደውል ነበር። እዚያ ጦርነት ሲነሣ ድምፁ ጠፋ። አንዱ መጥቶ መንገድ ላይ አየሁት ይላል፤ ሌላው መጥቶ እሱ የነበረበት ሰፈር ነዷል ይላል። በዚህ መሀል አንድ ሰው ደወለ። ሰይድ የሚባል ልጅ ከድንበር መጥቶ አሶሳ ሐኪም ቤት ተኝቷል፣ እናቱን ይጣራል አለ። እማማ ዘይነባ ዶሮ አርደው፣ ሾርባ ሠርተው፣ በአገልግል አንጠልጥለው ሄዱ።

«የሌላ ሰው ልጅ ነበር» አሉ። «ስሙ ሰይድ ነው፤ ደዋዩ አልዋሸም። ግን የኔ ሰይድ አይደለም። ሾርባውን ለእሱ አጠጣሁት። ምን አደርጋለሁ? እሱም እናት አለችው። አጠጥቼው ስወጣ ግን ከበሩ ላይ ወደቅሁ፤ ፋጡማ ናት ተሸክማ ያመጣችኝ። ያን ቀን ማልሁ። ሁለተኛ በስልክ የመጣ ደስታ አልቀበልም ብዬ ማልሁ።»

እሳቸው ቀጠሉ። የአምባው ሰው ከዚያ ወዲህ «በቃ ሞቷል፤ ሰደቃ እናውጣለት» ቢላቸው ለእሱም እምቢ ብለዋል። «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ይላሉ። እኔ አልቀበርሁትም። ሞተ ቢሉኝም አላምን፣ አለ ቢሉኝም አላምን። ልጅ ነበረኝ አልልም፤ ልጅ አለኝም አልልም። እንዲሁ ነኝ።»

ታብሌቴ ላይ ከአንድ እስከ አምስት የሚሉ ቁጥሮች በእርጋታ ተደርድረው ይጠብቁኛል። «እንዲሁ ነኝ» የሚል ቁጥር የለም።

ፋጡማ ወደ እኔ ዘወር ብላ ዝቅ ባለ ድምፅ «ስልክ አላምንም ይላሉ፤ እኔን ግን 'ያቺን ቁጥር ብትቀይሪያት ጡቴ አይፍታሽ' ብለውኛል። ባትሪው ካለቀ ደግሞ ሶላር ወዳለበት ቤት ሮጬ ካልሄድሁ እህል አይቀምሱም» አለችኝ።

ቀጥሎ የሆነውን ለመተረክ ያህል አሳምሬ የፈጠርሁት እንዳይመስላችሁ። የሚቀረኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «በአጠቃላይ ቴክኖሎጂን ምን ያህል ያምኑታል?» የምትል። እሷን ልጠይቅ አፌን ስከፍት ከፋጡማ ወገብ ላይ ስልኩ ጮኸ። ፈትታ አየችው። የማታውቀው ቁጥር ነው፤ በምስል የሚደወል። ነካችው። ምስሉ መጀመሪያ ተቆራረጠ፣ ቆመ፣ ከዚያ ፊት ሆነ። ፋጡማ የጮኸችው ጩኸት ሀሚድን ለውዙን አስጥሎ አስነሣው።

«እማዬ! ሰይድ ነው! ሰይድ!»

እማማ ዘይነባ ከተቀመጡበት አልተነሡም። ስልኩን ስታቀርብላቸው አንገታቸውን ብቻ አስግገው፣ የጉድጓድ ውሃ እንደሚያይ ሰው ከሩቁ አዩት። ጉንጩ ሞላ ያለ፣ ጢሙ ያደገ ወጣት ነው። ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» አለ። «ድንበሩን አልፌ ኩርሙክ ገባሁ። በሰው ስልክ ነው የምደውለው። ነገ አሶሳ እመጣለሁ።»

«ማን ነው የላከህ?» አሉ እማማ ዘይነባ።

«እማዬ! ሰይድ እኮ ነኝ!»

«ሰይድ ከሆንህ የአባትህ በሬ ማን ይባል ነበር?»

«ዳልቻ! ዳልቻ ነዋ!»

ፋጡማ እልል አለች። እናትየው ግን ፊታቸው ንቅንቅ አላለም። «እሱንማ አንቺ በስልክ ለአክስትሽ ስታወሪ ሰምቶ ነው። ስልክ የሰማውን አይረሳም ብለውኛል» አሉ።

«እሺ እማዬ» አለ ልጁ። «እሺ፣ ሌላ ጠይቂኝ። የፈለግሽውን ጠይቂኝ። እሺ።»

እማማ ዘይነባ ቀና አሉ። ጣታቸውን ወደ ስልኩ ዘርግተው ወደ እኛ ዞሩ፤ ምስክርነታችንን የሚፈልጉ ይመስላሉ።

«ሰማችሁት? 'እሺ' አለ! ሦስት ጊዜ 'እሺ' አለ! የኔ ሰይድ ከተወለደ ጀምሮ እሺ ብሎኝ አያውቅም!»

ይህን ሲሉ ምስሉ ቆመ። ኔትወርኩ ሄደ። ፋጡማ ደጋግማ ደወለች፤ አልሠራም። መሬት ላይ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ በድንገት ወደ እኔ ዞረች። «መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ስለዚህ ነገር ነው የሚያጠኑት። ይንገሯቸው! እውነት ነው ወይስ ማሽን ነው የሠራው?»

እስቲ በእኔ ቦታ ሁኑ። በአንድ በኩል አስተባባሪዋ ፊታችሁ ግድግዳ ይሁን ብላለች። ግድግዳውስ ይቅር። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አላውቅም ነበር። አምስት ሰዎች ቢጠይቁኝ አምስቱንም ቴክኖሎጂ ድንቅ ነው እላቸዋለሁ። ግን ያቺን ሴት «አዎ፣ ልጅዎ ነው፣ ይመኑ» ብዬ፣ ነገ ሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ፣ ወይም ማንም ሳይመጣ ቢቀርስ? እኔ ራሴ ስልክን ከአንድ እስከ አምስት ምን ያህል አምነዋለሁ? ማንም እንዲህ አድርጎ ጠይቆኝ አያውቅም። «እኔም አላውቅም እማማ» አልኋቸው። «ነገ መናኸሪያ ሄዶ በዓይን ማየት ነው።»

ትክ ብለው አዩኝና «ይሄ ልጅ ቢያንስ አይዋሽም» አሉ። የቀረችውን ጥያቄ ግን አልመለሱልኝም፤ ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ።

በማግሥቱ ጠዋት ሀሚድ መኪናዋን ያለ ትእዛዝ ወደዚያው አምባ አዞራት። ምነው ስለው «ጥያቄው አልተጨረሰም መምህር፤ ታብሌቱም አይዘጋም» አለኝ፤ ዓይኑን ከመንገዱ ላይ ሳያነሣ። ታብሌቱ እንደማይዘጋ እውነት ነው። ቢዘጋም ግን እንደሚያዞራት አውቃለሁ።

ስንደርስ ማንጎው ሥር ማንም የለም። ግቢው ተጠርጓል። ከጓዳው በስተቀኝ ያለችው ትንሽ ክፍል ተከፍታ አዲስ ምንጣፍ ተነጥፎባታል። በሩ ላይ አንድ አውራ ዶሮ እግሩን ታስሮ ይጮኻል።

«ምን ይሁን ብለው ነው ዶሮው እማማ?» አልሁ።

«ለበዓል ነዋ።»

«የቱ በዓል?»

«አንዱ መምጣቱ አይቀርም!» አሉና አኮረፉ።

ፋጡማ ከእኛ ጋር ለመሄድ ተዘጋጅታለች። ወንድሟ መጥቶ እንደሆነ አይታ ትመለሳለች፤ እናትየው እዚሁ ይቆያሉ፤ እንዲህ ነበር የተባለው። ሀሚድ ሞተሩን ሲያስነሣ ግን የኋላው በር ተከፈተ። እማማ ዘይነባ ናቸው። አዲስ ሻሽ አስረዋል፣ የዒድ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። ማንም ሳይጠይቃቸው «ላምን አይደለም የምሄደው፤ ላጣራ ነው» አሉና ገቡ።

እስከ አሶሳ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሀሚድ እንደ ልማዱ ጉድጓዱን ይዞራል። እኔ ፊት ተቀምጬ በመስተዋቱ አያቸዋለሁ። እጃቸው የሻሹን ጫፍ ይጠቀልላል፣ ይፈታል፣ ይጠቀልላል። ያን እጅ እያየሁ «አንድ» ብዬ የነካሁት ቁጥር ያሳፍረኝ ጀመር። እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው ስንት ይባላል?

መናኸሪያ ስንደርስ ከኩርሙክ የሚመጣው መኪና ገና ነው። ቆየን። መጣ። ተሳፋሪው ወረደ፤ ጆንያ የተሸከሙ፣ ልጅ ያዘሉ፣ አንድ ሽማግሌ ፍራሽ ይዘው። ሰይድ የለም። ፋጡማ ውስጡ ገብታ መቀመጫውን ሁሉ አይታ ወጣች። ትናንት ወደደወለው ቁጥር ደወለች። የማናውቀው ጎርናና ድምፅ አነሣው።

«አዎ፣ ስልኩ የኔ ነው» አለ ሰውየው። «ትናንት ለአንድ ልጅ አውሼው ነበር። እሱ ጠዋት ወጥቷል። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።»

እማማ ዘይነባ ሰሙ። «አያችሁ? ዛሬ ደግሞ ሌላ ሰው ሆነ» አሉ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር፤ ልክ ያሉት የሆነላቸው ሰው ድምፅ። ግን በዚያው ቅጽበት ክንዴን ያዙ። የያዙኝ አያያዝ የጥፍራቸው ምልክት እስኪቀር ነበር። ዝናቡ ጀመረ። ሀሚድ መኪና ውስጥ እንግባ አለ። እሳቸው አልንቀሳቀስ አሉ። «እንሂድ» አላሉም፤ «እንቆይ»ም አላሉም። እንዲሁ ቆሙ።

እኔ ምን ብዬ እንደማጽናናቸው ሳስብ ከመናኸሪያው ውጪ፣ ከመንገዱ ማዶ አንድ የጭነት አይሱዙ ቆመ። ከላይ ሰዎች ይወርዳሉ። አንደኛው የተቀዳደደ ጃኬት ለብሶ፣ ፌስታል አንጠልጥሎ፣ ጭቃውን እየረገጠ ወደ መናኸሪያው በር መጣ። ቀጭን ነው። እኔ በበኩሌ አላወቅሁትም። ፋጡማ ናት ያወቀችው። ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ሁለቱም ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው።

እማማ ዘይነባ አልሮጡም። ክንዴን እንደያዙ ቆመው ጠበቁት። ፊታቸው ሲደርስ ከእግሩ ጀምረው ወደ ላይ አዩት።

«እማዬ» አለ።

«ተናገር» አሉት።

«ምን ልናገር?»

«ዝም ብለህ ተናገር።»

ልጁ መጀመሪያ ግራ ገባው። ከዚያ ፊቱ ተለዋወጠ። ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ረሃብ፣ ያ የጭነት መኪና፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ አፉ ላይ መጣ መሰለኝ።

«አልናገርም!» ብሎ ጮኸ። «ትናንት በሰው ስልክ እያለቀስሁ ስለምንሽ 'ማን ነው የላከህ?' ትይኛለሽ! ከሞት አምልጬ መጥቼ ደግሞ ዝናብ ላይ አቁመሽ ትፈትኚኛለሽ! እኔ ተማሪ ነኝ? አልፈተንም! ብትፈልጊ ልጄ በይኝ፣ ባትፈልጊ ተይው!»

ረዳቶቹ እንኳ «ባምባሲ! ባምባሲ!» ማለታቸውን አቆሙ።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ እማማ ዘይነባ። «አልሐምዱሊላህ! እሱ ነው!»

የዒድ ቀሚሳቸውን እንደለበሱ ጭቃው ላይ ዘጭ አሉ። ልጁም ቁጣውን ሳይጨርስ አብሯቸው ተንበረከከ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግራችሁም፤ እኔም በደንብ አላየሁትም። ሀሚድ ዓይኑ ውስጥ አቧራ ገባብኝ አለ፤ በዚያ ዝናብ አቧራ ከየት እንደመጣ አልጠየቅሁትም።

ስንመለስ እማማ ዘይነባ የልጃቸውን አንጓ ይዘው ከኋላ ተቀምጠዋል። አይለቁትም። ይነኩታል፣ ክንዱን ይጨብጣሉ፣ ትከሻውን ይዳስሳሉ፣ እንደገና አንጓውን ይይዛሉ። ሰይድ አንዴ ይነጫነጫል፣ አንዴ ያንቀላፋል። ታብሌቱ ጭኔ ላይ ነው። የመጨረሻዋ ጥያቄ ክፍት ናት። ሰዓቱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ጉጉት መጥፎ በሽታ ነው፤ ደግሞ በልቤ መልሱን አስቀድሜ አውቄዋለሁ። በሥራዬ ዘመን ሁሉ እንደዚያች ያለች ጥርት ያለች አምስት አላገኝም ብዬ ዞርሁ።

«እማማ፣ ትናንት አንዲት ጥያቄ ቀርታን ነበር። እንግዲህ በአጠቃላይ ቴክኖሎጂን ከአንድ እስከ አምስት ምን ያህል ያምኑታል?»

«አንድ» አሉ።

«እንዴት አንድ? ልጅዎን ያመጣልዎት ስልክ አይደለም እንዴ?»

«ልጄን ያመጣው አላህ ነው። ከአላህ ቀጥሎ አይሱዙው ነው። ስልኩማ ዋሽቶኛል።» የልጃቸውን ክንድ ከነእጅጌው አንሥተው አሳዩኝ። «እየው! ትናንት ጉንጩን ሞልቶ፣ አወፍሮ ነው ያሳየኝ። ይሄን አጥንት ሸሽጎኛል። እናት ልጇ ወፍሯል ወይስ ከስቷል ከማለት ሌላ ምን ልታውቅ ብላ ታያለች? ዋናውን ነገር የዋሸ፣ ሌላውን ቢናገር ምን ይረባኛል? አንድ በል። ከአንድ በታች ካለ እሱን በል።»

አንድ አልሁ። ከሥር «አስተያየት» የምትል ቦታ አለች፤ እዚያ ላይ የሆነውን ሁሉ ባጭሩ ጻፍሁ። እነሱን አድርሰን ወደ አሶሳ ስንመለስ ታብሌቱ ኔትወርክ አገኘና መልሱ ወደ አዲስ አበባ ሄደ።

በሳምንቱ አስተባባሪዋ ደወለችልኝ። ስላስቸገረችኝ ይቅርታ ጠየቀች፤ በጣም ትሑት ልጅ ናት። አንዲት መልስ አላስተኛት ብላለች። የጠፋ ልጃቸውን በስልክ ያገኙ እናት፣ ለስልክም ለሬዲዮም ለሁሉም አንድ ሰጥተዋል ይላል። ይህ ሊሆን አይችልም አለችኝ። እኔም በጆሮዬ እንደሰማሁ፣ በጣቴ እንደነካሁ፣ ታብሌቱም ሰዓቱንና ቦታውን ጭምር እንደመዘገበ ነገርኋት።

«እሱማ ታብሌቱ ላይ አለ፤ አይቼዋለሁ» አለች። «ግን መምህር፣ ታብሌት ምን ይታመናል? እባክዎ በአካል ሄደው ያጣሩልኝ።»